ሳሎኑን ማን ከፋፈለው?

ለዛሬ ቀለል ያለች የቤት ሥራ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ማታ ከእራት በፊት፣ ሁሉም ሰው ቤት በገባበት ሰዓት፣ ሳሎናችሁ ውስጥ የበሩትን ስክሪኖች ቁጠሩ። ቴሌቪዥኑ አንድ፣ የእናት ስልክ ሁለት፣ የአባት ስልክ ሦስት እያላችሁ ቀጥሉ። ከዚያ ሰዎቹን ቁጠሩ። ስክሪኖቹ ከሰዎቹ ከበለጡ አትደንግጡ፤ ብዙ ነን። እኛ ቤት አምስት ሰዎችና ስድስት ስክሪኖች አሉ። ስድስተኛው መስታወቱ የተሰነጠቀ ታብሌት ነው። ባለቤት የለውም፤ ቻርጅ ሲያልቅበት ግን ሁለት ልጆች እኩል ያለቅሱለታል።

እንደምታውቁት የእንጀራዬ ነገር ማርኬቲንግ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብተን መጀመሪያ ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ ገበያን መከፋፈል ነው። ሰውን በዕድሜ፣ በጾታ፣ በገቢ፣ በሚኖርበት ሰፈርና በሚወደው ነገር ትለያዩታላችሁ፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ክፍል የሚስማማውን ታቀርባላችሁ። ለወጣቱ የሚሆን ማስታወቂያ ለጡረተኛው አይሆንም፤ ለእናት የሚነገረው ለልጅ አይነገርም። ቀኑን ሙሉ ስሠራ የምውለው ይህንን ነው። ማታ ቤቴ ስገባ ደግሞ ያው ሥራ ሳሎኔ ውስጥ ተጠናቆ ይጠብቀኛል። ልጄ በእንግሊዝኛ እየተጮኸ የሚቀርብ የጎል ቅንጭብ ያያል። የአራት ዓመቷ እህቱ አንድ መዝሙር ለአርባኛ ጊዜ ትሰማለች። ባለቤቴ በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ ላይ ናት። እኔ የሥራ ቡድናችንን የቴሌግራም መልእክት እመልሳለሁ። አባቴ ጥግ ላይ ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ሥር አድርገው ተቀምጠዋል። አምስታችንም አንድ ሶፋ ላይ ነን፤ ግን አምስት ገበያ ሆነናል።

እንዲህ ስል «ድሮ ቀረ» ልላችሁ አይደለም። ድሮ አንድ ላይ እናይ የነበረው ከዛሬ ሰው የተሻልን ስለነበርን አልነበረም፤ መሣሪያው አንድ ስለነበረ ነው። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ቴሌቪዥን ያለው ቤት ይታወቅ ነበር። የዓለም ዋንጫ ሲመጣ የዚያ ቤት ሳሎን፣ በረንዳና መስኮት ሁሉ በሰው ይሞላል። መስኮት ላይ የቆመው ልጅ የሚያየው የማያውን ሰው ጭንቅላት ብቻ ስለሆነ፣ ፊት ያለው ወደ ኋላ ዞሮ «ሳተው!» «አዳነው!» እያለ ይነግረዋል። ከኋላ ያለው ደግሞ ውጭ ላለው ያቀብላል። ጎሉ ከመስኮቱ እስከ አጥሩ ድረስ በሰው አፍ ይደርስ ነበር። ያኔ ችግር ነው ብለን ያማረርነው ነገር፣ ዛሬ ሳስበው፣ ልጆችን አፍ ያስፈታ ትምህርት ቤት ነበር።

ስልክን መውቀስም ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። የትምህርት ቤት ክፍያ በስልክ ይከፈላል፤ የልጆቹ መምህራን መልእክት በስልክ ይመጣል፤ ውጭ አገር ያለችው እህቴ የልጆቼን መልክ የምታውቀው በስልክ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ስልክ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» የሚለው አይመስለኝም። ስልክ ሲሠራ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ እጅ፣ ለአንድ ጥንድ ዓይን ተብሎ የተሠራ ዕቃ ነው። ቤተሰብ ደግሞ ለአንድ ሰው የተሠራ ነገር አይደለም። ጥያቄው ለአንድ የተሠራውን ዕቃ ለብዙ እንዴት እናድርገው የሚለው ነው። እኛ ቤት ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው ምሁር አይደለም፤ የአባቴ ዓይንና የአፍሪካ ዋንጫ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2016 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ባሕር ዳር ያላችሁ አንባቢዎች አትረሱትም። የብዙ ቤት ስልክ የመደወያና የፎቶ ማያ ብቻ ሆኖ ቀረ። የልጄ የጎል ቅንጭብም አብሮ ደረቀ። አባቴ ያን ጊዜ እኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ጥቂት ወራቸው ነው። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው፤ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው የሰው ፊት የሚለዩት በድምፅ ነበር። ጥር ላይ የአፍሪካ ዋንጫ በኮትዲቯር ተጀመረ፤ በዲሽ እናያለን።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባለው ሰኞ፣ ጥር 13፣ አዘጋጇ ኮትዲቯር ከኢኳቶሪያል ጊኒ ጋር ትጫወታለች። እኔ ሥራ አምሽቼ ስገባ ቴሌቪዥኑ ፊት አባቴና ልጄ ብቻ ተቀምጠዋል። አባቴ ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ ሳይሆን ወደ ልጁ አዙረዋል።

«አሁን ኳስ ማን ጋ ናት?» ይላሉ።

«ብርቱካናማው ጋ፣ አባባ።»

«ብርቱካናማው የት ቆሞ?»

«እዚያ ጋ።»

«እዚያ ማለት የት ነው? እኔ እዚያን አላየውም። ቀኝ ነው ግራ? ግቡ ጋ ነው መሐል ሜዳ?»

ልጁ ዝም አለ። ዝም ያለው ስለማያውቅ አይደለም፤ ሁሉንም እያየ ነው። ቃሉ ነው የጠፋበት። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ የክፍል መምህሩ በየስብሰባው «ጎበዝ ልጅ ነው፤ ግን አይናገርም» የምትለን ልጅ። ቤትም ቢሆን «እሺ»፣ «አልፈልግም» እና «ፓስዎርዱ ስንት ነው?» ከሚሉት የዘለለ ብዙ ንግግር አልነበረውም። ለሚያየው ነገር የነበረውም ቃል ከቪዲዮው የለቀመው «ኮርነር»፣ «ኪፐር»፣ «ሴቭ» ነበር።

አባቴ ታገሡት። «ግብ ጠባቂ በል። ያ ከጥግ የሚመታው የማዕዘን ምት ነው። በእጅ የሚወረወረው የእጅ ውርወራ። ከጎን ወደ መሐል ሲልካት አሻገረ ይባላል፤ ለጓደኛው ሲሰጥ አቀበለ፤ ጓደኛው በእግሩ ሲያበርዳት ደግሞ ተቆጣጠረ።» በአንድ ምሽት፣ በአንድ ጨዋታ፣ ያን ያህል ግስ ልጄ ከየትኛውም መጽሐፍ አልተማረም። ያ ጨዋታ ደግሞ ለመማሪያ አመቺ ነበር፤ ኮትዲቯር በገዛ ሜዳዋ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አራተኛው ግብ ሲገባ ልጄ ተነሥቶ ቆሞ «አባባ፣ አስቆጠረ! ከመሐል ተቀብሎ፣ ተከላካዩን አልፎ፣ አስቆጠረ!» አለ። ከማእድ ቤት የወጣችው ባለቤቴ ማንን እንደሰማች ማመን አልቻለችም።

የእነዚህ ቃላት አመጣጥ እዚህ ላይ ሊነሣ ይገባዋል። በኢትዮጵያ ኳስ ለረጅም ዘመን የተሰማ እንጂ የታየ ጨዋታ አልነበረም። አገራችን በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ስትወስድ ስታዲየም የገባው ጥቂት ሰው ነው። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ደግሞ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫን ስታነሣ፣ ያን ጨዋታ ለብዙው ሕዝብ ያሳየው የደምሴ ዳምጤ ድምፅ ነው። እኔ ያኔ አልተወለድኩም። አባቴ ግን ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር አንዲት ሬዲዮ ከበው እንደሰሙት ይናገራሉ። ከሬዲዮ ጀርባ ያለው ሰው ሜዳውን በቃል ካልሣለ አድማጩ ጨለማ ውስጥ ነው። ስለዚህ «እዚያ ጋ» ማለት አይችልም ነበር። ቀኝና ግራ፣ ርቀትና አንግል፣ ፍርሃትና ተስፋ ሁሉ ቃል ያስፈልጋቸዋል። ስክሪን ግን ሁሉንም ስለሚያሳይ ቃል አይጠይቀንም። ልጆቻችን ብዙ አይተው ጥቂት የሚናገሩት፣ አንዱ ምክንያቱ ይህ ይመስለኛል። የሚያዩትን ለማንም መንገር አያስፈልጋቸውም፤ ሌላው ሰውም የራሱን እያየ ነው።

ወደ ውድድሩ ልመልሳችሁ። 4 ለ 0 የተሸነፈችው ኮትዲቯር አሠልጣኟን አሰናብታ፣ ከምድቧ ሦስተኛ ሆና፣ በጠባብ ቀዳዳ አለፈች። ልጄና አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሷ ደጋፊ ሆኑ። በየጨዋታው ልጁ ይዘግባል፣ አባቴ ያርማሉ፣ ታናሽ እህቱ ጎል በሌለበት «ጎል!» እያለች ታደናግራቸዋለች። ፍጻሜው እሑድ የካቲት 3 ከምሽቱ 5 ሰዓት ነበር፤ በማግሥቱ ትምህርት አለ። ባለቤቴ ከብዙ ድርድር በኋላ ልጁ በጊዜ ተኝቶ በሰዓቱ እንዲቀሰቀስ ፈቀደች። ድርድሩን ያሸነፉት አባቴ ናቸው፤ «እሱ ከተኛ ለእኔ ማን ያይልኛል?» ሲሏት መልስ አጣች።

ናይጄሪያ ቀድማ አገባች። ከዚያ ኬሲ ከማዕዘን ምት በጭንቅላቱ አቻ አደረገ። መጨረሻ ላይ አዲንግራ ከግራ አሻገረ፣ ሃለር በእግሩ ጫፍ ነክቶ አስገባ። ይህንን ዓረፍተ ነገር እኔ የጻፍኩት ነው፤ ልጄ ግን እየጮኸ፣ ትንፋሽ እያጠረው፣ በራሱ አማርኛ ለአያቱ ነገራቸው። ኮትዲቯር 2 ለ 1 አሸንፋ የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆነች።

አባቴ ያን ጊዜ ጣታቸውን ወደ መስኮቱ ቀስረው «እነዚህን እኮ እዚሁ ከተማችን 2 ለ 1 አሸንፈናቸዋል» አሉ። ልጁ ወደ እኔ ዞረ፤ አያቱ የቀለዱ መስሎታል። እውነት ነው። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በባሕር ዳር ስታዲየም ቀድማ ያገባችው ኮትዲቯር ነበረች፤ ሱራፌል ዳኛቸው አቻ አደረገ፣ ሽመልስ በቀለ ሁለተኛውን ጨመረ። እኔም ከሕዝቡ መሐል ነበርኩ፤ ድምፄ ለሦስት ቀን አልተመለሰም። ይህንን ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ «እኔስ የት ነበርኩ?» ብሎ ነው። «ሦስት ዓመትህ ነበር፤ እናትህ ጋ ተኝተሃል» አልኩት። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ከበደኝ፤ «ታዲያ አሁን ለምን እዚህ አይመጡም?»

ለልጅ እንዴት ይነገራል? ስታዲየማችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት አላሟላም ስለተባለ፣ ብሔራዊ ቡድናችን ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ሲያደርግ ኖሯል። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ናት፤ ሜዳው ግን ማላዊ ነው። ልጄ ነገሩን በራሱ መንገድ ተረዳው። «እንግዲያው እንግዳ የሚመጣበት ቤት ስላልተጠገነ እኛ እንግዳ ሆነን ሄድን ማለት ነው» አለ። አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ይህ ልጅ አይናገርም የተባለው ነው ወይ እያልኩ ነበር።

እንደዚያ ያለ ጥያቄ ከቅንጭብ ቪዲዮ አይወጣም። ቅንጭቡ የግቡን አሥር ሰከንድ ይሰጣል፤ ጨዋታው የት እንደተደረገ፣ ማን እንደናፈቀው፣ ማን ስታዲየም ገብቶ እንደጮኸ አይናገርም። ለልጄ ኳስ ከሩቅ አገር የሚመጣ ዕቃ ነበር። ከዚያ ምሽት በኋላ ግን እሱ ተኝቶ ሳለ የተደረገ፣ አባቱ ያየው፣ አያቱ በሬዲዮ የሰሙት፣ የከተማው ጉዳይ ሆነ። የባሕር ዳር ከነማን መለያ ግዛልኝ ማለት የጀመረውም ያኔ ነው። «የጣና ሞገዶች» የሚለው ስም ጣናን በየቀኑ ለሚያይ ልጅ ትርጉም አለው።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ምን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም። ስልኮቹ ነቁ፤ ስድስተኛው ታብሌትም ሳይቀር ተነሣ። ልጄ ወደ ቅንጭቡ ተመለሰ፤ እኔም ወደ ቴሌግራሜ። አንድ ማታ አባቴ ጥጋቸው ላይ ሆነው «ዛሬ ጨዋታ የለም?» ሲሉ ማንም አልመለሰላቸውም። ልጁ ቀና ብሎ አየና ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠው። «አለ አባባ፣ ቆይ ልክፈተው» ብሎ ቴሌቪዥኑን አበራ። ማንም አላዘዘውም። የሚፈልገው ሰው እንዳለ ስላወቀ ነው። ልጅ ስልክ እንዲያስቀምጥ በጩኸትም በቅጣትም ሲሞከር አይቻለሁ፤ «ያላንተ አላየውም» የሚል ሰው እንዳለ እንደማወቅ ግን የሚሠራ አላየሁም።

አባቴ ከጥቂት ወራት በኋላ የአንድ ዓይናቸው ሞራ በቀዶ ሕክምና ወጣላቸው። ፋሻው በተፈታ ማግሥት ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡና ተጫዋቾቹን ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ። ልጁ ጎናቸው ቆሞ አመነታ። «አሁን ይታይዎታል አይደል?» አላቸው። ሥራውን የሚያጣ ሰው ድምፅ ነበረው። «መታየቱንስ ይታየኛል» አሉ አባቴ፤ «ማን ማን እንደሆነ ግን አንተ ነህ የምታውቀው። በል ቀጥል።»

ከዚህ ሁሉ እኛ ቤት የቀሩትን ሦስት ልማዶች ላካፍላችሁ። ለእናንተም ሳሎን የሚሆን ካገኛችሁ ውሰዱ።

የመጀመሪያው በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ነገር፣ በአንድ ስክሪን ማየት ነው። በቀጥታ የሚተላለፍ ቢሆን ይመረጣል፤ የእግር ኳስ ጨዋታ፣ የአትሌቶቻችን የ10 ሺህ ሜትር ሩጫ፣ የበዓል ዝግጅት። በቀጥታ የሚመጣ ነገር ወደፊት አይገፋም፣ ወደኋላም አይመለስም። ሁሉም እኩል ይጠብቃል፣ እኩል ይደነግጣል። አብሮ መጠበቅ ዛሬ ከልጆቻችን ሕይወት እየጠፋ ያለ ነገር ነው።

ሁለተኛው «ያየ ይንገር» የሚል ሕግ ነው። እራት ላይ ማንም ስልክ ዘርግቶ «ይህንን እዩት» አይልም፤ ያየውን በቃሉ ይነግራል። ሕጉ ለሁላችንም እኩል ነው። ባለቤቴ የቱርክ ድራማዋን ስትተርክ ከድራማው ይበልጣል። ታናሿ ልጃችን ያንኑ የጥንቸል ታሪክ በየቀኑ ትነግረናለች፤ በየቀኑ ግን አንድ አዲስ ቃል ይጨመርበታል።

ሦስተኛው ሙዳዩ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የሁሉም ስልክ ቡፌው ላይ ባለው የስፌት ሙዳይ ውስጥ ያድራል፤ የእኔም ጭምር። ለትናንሾቹ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ አለ፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስክሪን ጭራሽ አይመከርም፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው በቀን ከአንድ ሰዓት መብለጥ የለበትም። መዝሙሯን አርባ ጊዜ ለምትሰማው ልጃችን ይህ መራር ዜና ነው፤ እኛም ቀስ በቀስ እየቀነስን ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ስክሪን የሌለበት ጨዋታ አለን። ጣና ዳር እንወርዳለን። አባቴ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ ባለቤቴ ከቤት የያዘችውን ቆሎ ታቀርባለች። ልጆቹ ከሰፈር ልጆች ጋር ሁለት ድንጋይ ግብ አድርገው ይጫወታሉ። ልጄ አጥቂ ሆኖ እየሮጠ ራሱን ይዘግባል፦ «ተቀበለ፣ አለፈ፣ ሞከረ... ወደ ውጭ!» ወደ ውጭ ማለት እዚያ ቦታ ሐይቁ ነው። ኳሷ ውኃ ላይ ስትንሳፈፍ ሻላዎቹ ገለል ይላሉ፤ አንዳንዴም በታንኳ የሚያልፍ ዓሣ አጥማጅ በመቅዘፊያው ገፍቶ ይመልስልናል።

ውድ አንባቢያን፣ እኔ በሥራዬ ሰውን መከፋፈሌን አልተውም፤ ደሞዜ ከዚያ ነው። ቤት ግን አንድ ገበያ ሆኖ ቢቀር ምኞቴ ነው። እናንተም ቤት ውስጥ ዓይናቸው የደከመ አባት፣ ጆሯቸው የከበደ እናት፣ ወይም ስለ ኳስ ምንም የማታውቅ አክስት ካለች፣ ልጃችሁን አጠገባቸው አስቀምጡና ጨዋታውን እንዲነግራቸው አድርጉ። ቤት ከሌሉ በስልክ ይደውልላቸው፤ ለአንድ ሰው የተሠራው ዕቃ ለሁለት ሰው የሚሆነው ያኔ ነው። ውጤቱን ብቻ ነግሮ እንዳይዘጋ ግን ተቆጣጠሩት። ግቡ ከቀኝ ይሁን ከግራ፣ ማን አሻግሮ ማን እንዳስቆጠረ ሳይናገር ስልኩን አያስቀምጥ።